ሆስፒታል አልጋ ድረስ የሚመጣው የካሳ ውል

ውጭ አገር የመኪና አደጋ ከደረሰባችሁ፣ ካሳ አስከፋይ ነኝ የሚል ወኪል ሳትጠሩት ይመጣል። አንዳንዱ ስልክ ይደውላል፣ አንዳንዱ ሆስፒታል አልጋ ድረስ ይዘልቃል። ያዝንላችኋል፣ ያጽናናችኋል፣ «ከኪሳችሁ አንዲት ሳንቲም አታወጡም» ይላችኋል። ከዚያም ወረቀትና ብዕር ያቀብላችኋል። እባካችሁ በዚያች ሰዓት አትፈርሙ።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት በአክስቴ ልጅ ነው። የምትኖረው ጀርመን ነው። ለዕረፍት ስፔን ሄዳ በታክሲ ስትጓዝ፣ ቀይ መብራት የጣሰ መኪና ከጎን ገጭቶ ትከሻዋን ሰበረው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የተከራከረ አልነበረም። ፖሊስ መዝግቦታል፣ የገጪው መኪና ሰሌዳ ቁጥር ታውቋል፣ የመድን ዋስትናም አለው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ለወኪሉ የደረሰ እህል ነው፤ የቀረው ማጨድ ብቻ ነው።

ወኪሉ ያስፈረማትን ውል ገጽ በገጽ አየሁት። ከላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ አለው፤ በደማቅ ፊደል «ካሳ ካልተገኘ ክፍያ የለም» ይላል። ከሥሩ ያሉት ገጾች በስፓኒሽ ናቸው፤ ማጠቃለያው ያላነሣው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አስተርጉመን ስናነበው እንዲህ ይላል። የወኪሉ ድርሻ 35 በመቶ ነው፤ ድርሻው የሚሰላው ግን እጇ በሚገባው ገንዘብ ሳይሆን መድን ሰጪው በሚያቀርበው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነው፣ የሕክምና ወጪዋ ተመላሽ ጭምር። ይህም ማለት ራሷ ለፊዚዮቴራፒ ከፍላ ከሚመለስላት ገንዘብ ላይ ሳይቀር ወኪሉ ይቆርጣል። ካሳው የሚገባው በወኪሉ የባንክ ሒሳብ ነው። ወኪሉ እርሷን ሳያማክር ባሻው መጠን የመስማማት ሙሉ ውክልና አለው። ውሉን ካቋረጠች ደግሞ ወኪሉ «ይገኝ ነበር» ብሎ በሚገምተው ካሳ ላይ ያንኑ 35 በመቶ ትከፍላለች። ገማቹም ተከፋዩም አንድ ሰው ነው።

ብዙ ሰው «እኔ ካላገኘሁ እርሱም አያገኝም፣ ስለዚህ ይለፋልኛል» ብሎ ያስባል። የወኪሉ ስሌት ግን ሌላ ነው። መድን ሰጪው ዛሬ 6,000 ዩሮ ቢያቀርብ ወኪሉ 2,100 ዩሮ ያለ ልፋት ይወስዳል። ለ15,000 ዩሮ መታገል ማለት የሐኪም ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ደብዳቤ መጻጻፍ፣ ምናልባትም ፍርድ ቤት መቆም ነው። ለእርሱ አንዱን ጉዳይ ለወራት ከመያዝ ብዙ ጉዳዮችን በርካሽ መዝጋት ያዋጣዋል። የእርሱ ጥቅምና የእናንተ ጥቅም የሚለያየው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ፈቃዳችሁ የመስማማት ሥልጣን በውሉ ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ወኪሉ በ35 በመቶ የሚሸጠው ነገር በሕግ በነጻ የተሰጠ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የተሽከርካሪ መድን መመሪያ (እ.ኤ.አ. 2009) መሠረት እያንዳንዱ የተሽከርካሪ መድን ሰጪ በሌሎቹ አባል አገሮች ሁሉ የካሳ ጥያቄ የሚቀበል ተወካይ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። የአንድ አባል አገር ነዋሪ በሌላው አባል አገር አደጋ ቢደርስበት፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ በሚኖርበት አገር ቋንቋ ጥያቄውን ለዚያ ተወካይ ያቀርባል። ተወካዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና አደጋው የደረሰበት ቀን ነው፤ እያንዳንዱ አባል አገር ይህን የሚነግር የመረጃ ማዕከል አለው። ማዕከሉ መረጃውን የመኪናው ምዝገባ ወይም የመድን ውሉ ካበቃ በኋላ እንኳ ለ7 ዓመት ማቆየት አለበት።

ጥያቄው ከቀረበ በኋላ መድን ሰጪው በ3 ወር ውስጥ ወይ ምክንያቱን የገለጸ የካሳ ሐሳብ፣ ወይ ምክንያቱን የገለጸ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካለ ተጎጂው በሚኖርበት አገር ወደተቋቋመው የካሳ አካል መሄድ ይችላል፤ ያ አካል ደግሞ በ2 ወር ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ገጪው ቢያመልጥ ወይም መድን ባይኖረው እንኳ በእያንዳንዱ አባል አገር የዋስትና ፈንድ አለ። የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ለተወካዩ የተላከው በአንድ ደብዳቤ ነው፤ አባሪዎቹ የፖሊስ ሪፖርት፣ የሆስፒታል ማስረጃ፣ ደረሰኞችና ከሥራ የቀረችባቸውን ቀናት የሚያሳይ የአሠሪዋ ደብዳቤ ነበሩ። 35 በመቶ የተጠየቀበት ሥራ ይህ ነው።

ይህ ሥርዓት ለአባል አገር ነዋሪዎች ነው። ከውጭ የመጣ ጎብኚ በቀጥታ ለመድን ሰጪው መጻፍ ይኖርበታል፤ ብሪታንያም ከእ.ኤ.አ. 2021 መግቢያ ጀምሮ ከሥርዓቱ ወጥታለች። ሌላ አካባቢ ላላችሁ ግን «መኪናው የውጭ ሰሌዳ ያለው ስለሆነ ያለ እኛ አታገኙትም» የሚለውን ወሬ አትመኑ። ድንበር ተሻግሮ ለሚመጣ መኪና ተብለው የተቋቋሙ የመድን ሥርዓቶች አሉ፤ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ የጀመረው አረንጓዴ ካርድ፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የኤኮዋስ ቡናማ ካርድ፣ በምሥራቃዊና በደቡባዊ የአፍሪካ ክፍል የኮሜሳ ቢጫ ካርድ። ካርዱ ያለው የውጭ መኪና ጉዳት ካደረሰ፣ አደጋው በደረሰበት አገር ያለው የካርዱ ቢሮ ጥያቄውን ይቀበላል። ኒውዚላንድ ደግሞ ከናካቴው ሌላ መንገድ አላት። ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ የአካል ጉዳትን የሚሸፍን የመንግሥት ተቋም አለ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ አገሪቱ ውስጥ የተጎዳ ጎብኚንም ይሸፍናል፤ በምትኩ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ብሎ ጥፋተኛውን መክሰስ አይቻልም። እዚያ ከፍተኛ ካሳ በክስ አስገኛለሁ የሚላችሁ ሰው ምን ሊሸጥላችሁ እንደመጣ ጠይቁት።

ወኪሎቹ ሰውን የሚያጣድፉበት ዋናው መሣሪያ ይርጋ፣ ማለትም ካሳ በሕግ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ፣ ነው። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ጊዜው ያልፋል» ይላሉ። ይርጋ እውነት ነው፣ ከአገር አገርም በጣም ይለያያል። በስፔን 1 ዓመት ነው፤ ለአካል ጉዳት የሚቆጠረውም ቁስሉ ድኖ ወይም ጉዳቱ ረግቶ ሁኔታው ከታወቀ በኋላ ነው። በጣሊያን በተሽከርካሪ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት፣ በእንግሊዝ ለአካል ጉዳት 3 ዓመት፣ በፈረንሳይ ጉዳቱ ከረጋ በኋላ 10 ዓመት ነው። ከእነዚህ ሁሉ አጭሩ እንኳ በሆስፒታል አልጋ ላይ ለመፈረም የሚያስገድድ አይደለም። እውነተኛው አደጋ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉዳዩ በወኪሉ እጅ ነው ብላችሁ ስትቀመጡ ወኪሉ ምንም ሳያደርግ ይርጋው ያልፋል። በስፔን ለመድን ሰጪው በጽሑፍ የቀረበ የካሳ ጥያቄ ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ በአደራ ደብዳቤ ልካችሁ ማረጋገጫውን ያዙ። በእንግሊዝ ግን ደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ ክሱ በጊዜው ፍርድ ቤት መከፈት አለበት። የአንዱን አገር ልማድ ይዛችሁ ወደሌላው አትሂዱ።

ሁለተኛው መሣሪያ የገንዘቡ መጠን ነው። «እገሌ አገር እንዲህ ላለ ትከሻ ይህን ያህል ተከፍሏል» ብለው ቁጥር ይጠራሉ። በአብዛኛው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሠራው፣ ሮም ሁለት የሚባለው ደንብ (ከእ.ኤ.አ. ጥር 2009 ጀምሮ የጸና) ካሳው በመሠረቱ የሚሰላው ጉዳቱ በደረሰበት አገር ሕግ ነው ይላል። ገጪውና ተገጪው የአንድ አገር ነዋሪዎች ከሆኑ ግን የጋራ መኖሪያ አገራቸው ሕግ ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ተጎጂው መድን ሰጪውን በራሱ መኖሪያ አገር ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችል ወስኗል፤ ዳኛው የጀርመን ቢሆንም የሚመለከተው ሕግ ግን የስፔን ሆኖ ይቀራል። ስፔን ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ለትራፊክ አደጋ በሕግ የወጣ የካሳ ሰንጠረዥ አላት። ወኪሉ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ቁጥር ሲጠራላችሁ «ከሰንጠረዡ የትኛው ረድፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የእኛው ወኪል ርዕሰ ጉዳዩን ቀየረው።

ወኪሉን አባርራችሁ ከመድን ሰጪው ጋር በቀጥታ ስትገናኙም ዓይናችሁን ክፈቱ። ቶሎ የሚላክ ገንዘብ ብዙ ጊዜ «ይህን ተቀብዬ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» ከሚል ሰነድ ጋር ይመጣል። የተሰበረ ትከሻ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን በሁለተኛው ሳምንት የሚያውቅ ሐኪም የለም። ስፔን ውስጥ መድን ሰጪው የሚያቀርበው የካሳ ሐሳብ፣ ክፍያው ተጎጂው ወደፊት ልዩነቱን የመጠየቅ መብቱን በመተው ላይ የተመሠረተ አለመሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ስለዚህ ገንዘቡን ተቀብሎ በቀሪው መከራከር ይቻላል። ፈረንሳይ ውስጥ ስምምነቱን የፈረመ ተጎጂ በ15 ቀን ውስጥ በአደራ ደብዳቤ ሊያፈርሰው ይችላል። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ፊርማው ነገሩን ይዘጋዋል። «ሙሉና የመጨረሻ» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ሐኪሙ ሁኔታው ረግቷል ሳይል አትፈርሙ።

በመቶኛ የሚሠራ ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክርክር ካለ፣ ሰው ሞቶ ቤተሰብ ካሳ የሚጠይቅ ከሆነ ጠበቃ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳት ጠበቆች ከካሳው አንድ ሦስተኛ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጠበቃው ከማሸነፍ ጋር የተያያዘ ክፍያ ሲጠይቅ ለሕመምና ለሥቃይ ከሚሰጠው ካሳና እስካሁን ከደረሰው ኪሳራ 25 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ ገድቦታል፤ ለወደፊት እንክብካቤ የተሰጠውን ገንዘብ መንካት አይችልም። ልዩነቱ እዚህ ነው፤ ጠበቃው ፈቃድ አለው፣ ሊከሰስበት የሚችል የጠበቆች ማኅበር አለ፣ ከደንበኛው ፈቃድ ውጭ አይስማማም። ወኪሉን የፈቃዱን ቁጥርና ማን እንደሚቆጣጠረው ጠይቁት። ከመፈረማችሁ በፊት የቤት ወይም የጉዞ መድን ውላችሁንም ተመልከቱ፤ የሕግ ወጪ የሚሸፍን አንቀጽ ሳያውቁት የከፈሉበት ብዙዎች ናቸው።

የፈረማችሁ ካላችሁም ገና አልመሸም። በአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መብት መመሪያ መሠረት ከነጋዴው ቢሮ ውጭ፣ ለምሳሌ ሆስፒታል ወይም ሆቴል ውስጥ፣ የተፈረመ የአገልግሎት ውል ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ይህ መብት እንዳለ ካልተነገራችሁ ጊዜው በ12 ወር ይራዘማል። በተግባር ይህ ማለት ወሮች ያለፉት ውል እንኳ የመሰረዝ ዕድል አለው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ውል ላይ ስለ 14 ቀኑ አንድም ቃል አልነበረም። የስረዛ ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ላክን፣ ውክልናዋን ማንሣቷን ለመድን ሰጪውም በዚያው ቀን አሳወቅን፤ ይህን ሁለተኛውን አትዘንጉ፣ አለበለዚያ ገንዘቡ ወደ ወኪሉ ሒሳብ ሊሄድ ይችላል። ወኪሉ ደወለ። መጀመሪያ በክስ አስፈራራ፣ ቀጥሎ የሞራል ጉዳት ደረሰብኝ አለ፣ በመጨረሻ ድርሻውን ወደ 15 በመቶ ዝቅ አደርገዋለሁ ብሎ ለመነ።