«አንድ አንቀጽ ብቻውን አይነበብም»፦ የቅዳሜው የተፍሲር ደርስ እንዴት ነበር?

የቅዳሜው የተፍሲር ደርስ (የቁርኣን ማብራሪያ ትምህርት) እንዴት ነው እያላችሁ ስትጠይቁኝ የከረማችሁ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው። ሦስት ወር ተምሬ ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ቦታው መርካቶ ነው፤ ከአንዋር መስጊድ ብዙም አይርቅም፤ ሱቅ በሱቅ የሆነ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ አዳራሽ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጽፍም፤ ሰው በአደባባይ ማሳጣት አልወድም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልካቸውን እልክለታለሁ።

ክፍያው ለሦስት ወር 600 ብር ነው። የሌለው አይከፍልም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ከዐስር ሶላት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይጀመርና መግሪብ አዛን ሲል ያበቃል።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ቁርኣን በልጅነቴ ሰፈራችን ቀርቻለሁ፣ ማለትም አንብቤ ተምሬያለሁ። ማንበብ አያቅተኝም፤ ትርጉሙን ግን አላውቅም ነበር። ቤታችን በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ትርጉም አለ፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው። እሱን አነባለሁ። ትርጉም ግን አንድ አንቀጽ መቼ፣ በማን ምክንያት እንደወረደ ቁጭ አድርጎ አያስረዳም። ያንን ክፍተት የሞላልኝ ቲክቶክ ነበር። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ግማሽ አንቀጽ፣ የሚጮህ ድምፅ።

ውጤቱ ምን ሆነ? የእናቴ እናት ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ነው የሚኖሩት። ወሎን ለሚያውቅ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሸህም ቄስም ይወጣል። አያቴ በየዓመቱ ቅቤ ይልኩልናል። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ቪዲዮ ላይ ከክርስቲያን ጋር እንዲህ ያለ መቀራረብ ሐራም ነው ሲባል ሰምቼ፣ ከዚህ በኋላ እኔ ከዚያ ቅቤ አልቀምስም አልኩ። እናቴ አንድም ቃል አልመለሰችልኝም። ጣሳውን ከፊቴ አንስታ ጓዳ ገባች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ወደ ደርሱ ልግባ። ኡስታዙ (አስተማሪያችን) ልጅነታቸውን ወሎ ሐሪማ (የእስልምና ትምህርት ማዕከል) ውስጥ ደረሳ (ተማሪ) ሆነው ያሳለፉ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩትም እዚያ በተማሩት ኪታብ (መጽሐፍ) በጀላለይን ነው፤ ጀላሉዲን አል-መሐሊ ጀምረውት ሲሞቱ ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ የጨረሱት አጭር ተፍሲር። አጭር ስለሆነ ማብራሪያ ሲያስፈልግ የጦበሪንና የኢብኑ ከሲርን ሰፋ ያሉ ተፍሲሮች ይጨምራሉ። አንድ የማይጣስ ሕግ አላቸው፤ አንድ አንቀጽ ብቻውን አይነበብም። ከፊቱ ያለውን ታነባለህ፣ ከኋላው ያለውን ታነባለህ፣ ከዚያ የወረደበትን ምክንያት ትጠይቃለህ። ሦስቱን ሳታሟላ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው።

በአራተኛው ሳምንት የሆነውን ላጫውታችሁ። አንድ ወጣት እጁን አወጣና ከስልኩ ላይ የተውባን ሱራ (ምዕራፍ) 5ኛ አንቀጽ ትርጉም አነበበ። አጋሪዎችን (ጣዖት አምላኪዎችን) ባገኛችሁበት ስፍራ ግደሉ የሚለውን፤ እስልምናን የሚጠላውም፣ በእስልምና ስም ደም የሚያፈስሰውም እኩል የሚመዝዙትን። «ኡስታዝ፣ ይሄ ካለ መቻቻል የምንለው ከየት መጣ?» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኡስታዙ አልተቆጡም። «ስልክህን አስቀምጥና ሙስሐፍህን ክፈት፣ ልጄ» አሉት፤ የታተመውን ቁርኣን ማለታቸው ነው። «4ኛውን አንብብልን።» አነበበ። ቃል ኪዳን ከገባችሁላቸው አጋሪዎች ውስጥ ቃላቸውን ያላጎደሉት፣ በእናንተም ላይ ማንንም ያልረዱት ሲቀሩ፤ ኪዳናቸውን እስከ ጊዜው ሙሉላቸው ይላል። «አሁን 6ኛውን።» ከአጋሪዎቹ አንዱ ጥበቃ ቢጠይቅህ የአላህን ቃል እስኪሰማ ጠብቀው፣ ከዚያም ወደሚተማመንበት ስፍራ አድርሰው።

ኡስታዙ ተነስተው ሰሌዳው ላይ «መእመነሁ» ብለው ጻፉ፤ ሰውየው ደኅንነት የሚያገኝበት ቦታ ማለት ነው። ልብ በሉ አሉ፣ ይስለም አይልም። ቃሉን ሰምቶ ባያምንም ሸኝተህ ታደርሰዋለህ። ይሄ የጦርነት ሕግ ነው፣ ከጎረቤትህ ጋር የምትኖርበት ሕግ አይደለም። ከዚያ ታሪኩን አመጡ፤ በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩና የመካ ቁረይሾች ሑደይቢያ ላይ የተፈራረሙትን ስምምነት፣ የቁረይሽ አጋሮች በኑ በክሮች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አጋሮች ኹዛዓዎችን እንዴት በሌሊት እንዳጠቁ፣ ይህ ሱራም የወረደው በዘጠነኛው ዓመት ቃል ማፍረስ ከተደጋገመ በኋላ እንደሆነ።

ልጁ አልረካም፤ ባለመርካቱም ደስ አለኝ። ይህ አንቀጽ የሰላምና የይቅርታ አንቀጾችን ሁሉ ሽሯል የሚሉ ዑለማዎች የሉም ወይ ብሎ ጠየቀ። ኡስታዙ አልሸሸጉም፤ «አዎ፣ ከመቶ በላይ አንቀጽ በዚህ ተሽሯል ያሉ ነበሩ» አሉት። ቀጥለው ሱዩጢ የተሻሩትን ቆጥረው ወደ ሃያ ገደማ እንዳወረዷቸው፣ የሕንዱ ሻህ ወሊዩላህ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አምስት ብቻ እንዳወረዷቸው ነገሩን። ይሄኔ ነው ሰውየውን ያመንኳቸው። ሊቃውንት የተለያዩበትን ነገር «ሁሉም የተስማማበት ነው» ብሎ የሚሸፍን አስተማሪ ሞልቷል። እሳቸው ልዩነቱን አምጥተው ሁሉንም በየማስረጃው አስመዘኑን። ከሦስቱ ወር የትኛው ሰዓት ይበልጣል ብትሉኝ ይሄኛው ነው።

በበቀራ ሱራ 256ኛው አንቀጽ ላይም እንዲሁ ነበር። «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ምክንያቱን ግን ከመሀላችን የሚያውቅ አልነበረም። መዲና ውስጥ ልጅ አልበረክትላት ያለች ሴት፣ ይህ ልጅ ከተረፈልኝ አይሁድ አደርገዋለሁ ብላ ትሳል ነበር። በኋላ በኑ ነዲር የሚባሉት የአይሁድ ጎሳዎች ከመዲና ሲወጡ እነዚያ ልጆች አብረው ነበሩ፤ ወላጆቻቸውም ልጆቻችንን አንለቅም አሉ። አንቀጹ የወረደው በዚህ ነው ይላል የኢብኑ ዐባስ ዘገባ። የገዛ ልጅህን እንኳ አታስገድድም ማለት ነው።

ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞችን የተቀበለውን የሐበሻ ንጉሥ የነጃሺን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ኡስታዙም ብዙ አልቆዩበትም፤ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ንጉሡ ፊት ሱረቱ መርየምን መቅራቱን ብቻ አስታውሰው አለፉ። እኔ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። ጥበቃ የጠየቀህን ወደሚተማመንበት አድርሰው የተባሉት ሰዎች፣ ራሳቸው ከዓመታት በፊት በክርስቲያን ንጉሥ ሀገር ጥበቃ ጠይቀው ያገኙ ነበሩ። ሐበሻ መእመናቸው ነበረች።

አሁን ወደ ቅቤው። በዘጠነኛው ሳምንት የሙምተሒናን ሱራ 8ኛ አንቀጽ ቀራን። በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጓችሁ፣ ከቤታችሁም ላላወጧችሁ ሰዎች መልካም ብትውሉና ፍትሐዊ ብትሆኑ አላህ አይከለክላችሁም የሚለውን። ኡስታዙ የወረደበትን ምክንያት ሲያነቡ የአቡበክር ልጅ የአስማእ ታሪክ መጣ። እናቷ ቁተይላ አጋሪ ነበረች። ልጇን ልትጠይቅ ስጦታ ይዛ መጣች፤ ከስጦታው ውስጥ ቅቤ ነበረበት። አስማእ ስጦታውንም አልቀበል፣ ቤቴም አላስገባ አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠየቁ ስጦታዋን እንድትቀበል፣ እናቷንም ቤቷ እንድታስገባ አዘዙ።

ቅቤ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ምን ሆንሽ ስትለኝ መመለስ አልቻልኩም። አስማእ ቢያንስ ጠይቃለች። እኔ አንድ ቪዲዮ አይቼ ወስኛለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «እስኪ አንቺው ደውዪላቸው» አለችኝ። ደወልኩ። እናቴ ለካ እንቢታዬን ለአያቴ ነግራቸው አታውቅም። ድምፄን ሲሰሙ ያሉኝ «ቅቤው አለቀባችሁ እንዴ ልጄ?» ብቻ ነው።

ቅሬታዬን ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። የሴቶቹ ቦታ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ እሱ አይደለም ችግሩ። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፤ ግማሹ ሳምንት አረብኛውን በግምት ነው የምንከታተለው። ሰሌዳውም አይታየንም፤ «መእመነሁ» የሚለውን እንኳ ያየሁት አንዷ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርገው ነው። ለአስተባባሪዎቹ ሦስት ጊዜ ነግረናቸዋል፤ እሺ ይላሉ፣ አልተነካም። የሚታደለው ፎቶ ኮፒም በጣም የደበዘዘ ነው፤ ሐረካው (የአረብኛው አናባቢ ምልክት) አይለይም። ቁርኣን በሚነበብበት ቦታ ሐረካ የማይታይ ወረቀት መስጠት ቀላል ጥፋት አይደለም።

ይባስ ያዘንኩት ግን በሥጋ ጉዳይ ነው። የማኢዳ ሱራ 5ኛው አንቀጽ «መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች» (አይሁድና ክርስቲያኖች) ምግብ ለእናንተ የተፈቀደ ነው ይላል። እኛ ሀገር ደግሞ የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ ነው የኖረው፤ አያቴ ሰፈር ሠርግ ሲኖር ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ቦታ ይበሰላል፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ይህ ባህል ነው፣ ሕግ ነው፣ ወይስ መከባበር? ቢሮ ውስጥ ከሰው ጋር አንድ ማዕድ የምንቀርብ ሰዎች በየቀኑ የሚገጥመን ጥያቄ ነው። «እንመለስበታለን» ተባለ። አልተመለስንበትም።

የመጨረሻው ሳምንትም በጥድፊያ አለቀ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሙስሊም ሊቃውንት የማራካሽ መግለጫ ነቢዩ ከመዲና ነዋሪዎች ጋር በተዋዋሉት በመዲና ስምምነት ላይ ተመሥርቶ በሙስሊም አገሮች የሚኖሩ የሌላ እምነት ተከታዮችን እኩል ዜግነት መጥቀሱን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግብፁ የአል-አዝሃር ታላቅ ኢማም አሕመድ አጥ-ጠይብና የካቶሊኮቹ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ አቡዳቢ ላይ የፈረሙትን የሰብአዊ ወንድማማችነት ሰነድ በሃያ ደቂቃ ነው የጨረስነው። በአራት ሳምንት የሚያልቅ ርዕስ ነበር። የድሮው ንባብ ዛሬ የት እንደደረሰ የሚያሳየን እሱ ነበርና ቆጨኝ።

ያም ሆኖ ሂዱ እላለሁ። ሙስሊም ላልሆናችሁትም ጭምር፤ ሁለት ክርስቲያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብረውን ጨርሰዋል፣ ማንም በክፉ ዓይን አላያቸውም። አዲሱ ዙር በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይጀምራል። ትርጉም ያለው ሙስሐፍ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በወረቀቱ አትተማመኑ። ሴቶች ከ10 ሰዓት በፊት ግቡና በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ ያዙ፤ እዚያ ጋ መጋረጃው ስለሚያጥር ሰሌዳው ትንሽ ይታያል።