ናት ወይስ ብሪጅ፦ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ኔትወርክ እምቢ ሲል

በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ የተጫነ ሊኑክስ ከኔትወርክ ጋር አልገናኝ ሲል፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የኔትወርክ ካርዱ በናት (NAT) ነው ወይስ በብሪጅ (Bridge) የተዋቀረው የሚለው ነው፤ የሁለቱ ብልሽት አይመሳሰልምና።

በናት ማሽኑ ከአስተናጋጁ (ቨርቹዋልቦክስ ከሚሠራበት) ኮምፒውተር ጀርባ ሆኖ ወደ ኔትወርክ ስለሚወጣ፣ የመጀመሪያው ካርድ በተለመደው ቅንብር 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ሲይዝ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር) 10.0.2.2 ይሆናል። በኢንተርኔት ላይ ወዳለው አድራሻ 8.8.8.8 የተላከ ፒንግ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሽ መልእክት) መልስ እያገኘ የድረ ገጽ ስም ካልተፈታ፣ ጥርጣሬው ወደ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ ወደሚቀይረው አገልግሎት) ይዞራል። ከውጭ በኤስኤስኤች (ማሽንን ከርቀት ማዘዣ መንገድ) መግባት አለመቻል ግን ብልሽት ሳይሆን የናት ባሕርይ ነው (ብዙዎች ሰዓታት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው)፤ የአስተናጋጁን ፖርት (ቁጥር የተሰጠው የግንኙነት መግቢያ) 2222 ወደ ማሽኑ ፖርት 22 ማስተላለፍ ይበቃል።

ብሪጅ ማሽኑን ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ከራውተሩ አድራሻ እንዲቀበል ያደርገዋል። ለሰርቨር የሚመረጠውም እርሱ ነው፤ ሆኖም የተሳሳተ የአስተናጋጅ ካርድ ከተመረጠ፣ ወይም ዋይፋዩ ብሪጅን በአግባቡ ካልደገፈ፣ አድራሻ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

እኔ ብሪጅ ሲያስቸግረኝ ለጊዜው ወደ ናት እቀይረዋለሁ፤ አድራሻ በዲኤችሲፒ (አድራሻን በራሱ በሚያድለው አገልግሎት) የሚቀበለው ማሽን በናት ከሠራ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከሊኑክሱ ውጭ ነው።