አፍሮባሮሜትርን ለምትጠቀሙ፦ "አላውቅም" ያሉትን ሴቶች ከቻርታችሁ አታውጧቸው

ስለ ፖለቲካ አመለካከት ዳታ አጥታችሁ የምትንከራተቱ በተለይ ማስተርስ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ አፍሮባሮሜትርን እስካሁን ካላያችሁት በጣም ቀርቶባችኋል። አፍሪካ ውስጥ የሕዝብን አስተያየት እየጠየቀ የሚያጠና ድርጅት ነው፣ ዳታው ነፃ ነው። ዋና ቢሮው አክራ ጋና ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ በ9ኛው ዙር 39 ሀገር ደርሷል፣ የኛም ሀገር አለችበት። ጠያቂዎቹ ቤት ድረስ ሄደው፣ 18 ዓመት የሞላውን ሰው በሚመቸው ቋንቋ ነው የሚያናግሩት፣ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት እያፈራረቁ ስለሚጠይቁ ደግሞ ቁጥሩ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፣ ይሄ ለፆታ ጥናት ትልቅ ነገር ነው።

ዌብሳይቱ ላይ ያለው መተንተኛ ቀላል ነው፣ ሀገር፣ ዙርና ጥያቄ ትመርጣላችሁ፣ ከዛ በፆታ ወይ በትምህርት ደረጃ ትከፍሉታላችሁ፣ በቃ። ስታትስቲክስ ያልተማረ ሰው ራሱ ይሰራዋል።

አሁን እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር ቻርቱ አሳሳል ላይ ነው። ለምሳሌ ወንዶች የተሻሉ መሪ ስለሚሆኑ እነሱ ይመረጡ ወይስ ሴቶችም እኩል ዕድል ያግኙ የሚል ጥያቄ አለ፣ ስለ ዴሞክራሲም አለ። "አላውቅም" የሚለው መልስ ለተጠያቂው አይነበብም፣ ሰውየው ወይ ሴትየዋ በራሳቸው አፍ ካሉት ብቻ ነው የሚመዘገበው። እና ብዙ ሀገር ላይ ይሄን መልስ አዘውትረው የሚሰጡት ያልተማሩ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ ሴቶች። አንድ ስልጠና ላይ ግን "ቻርቱ እንዲጸዳ አላውቅም ያሉትን አውጧቸው" ሲባል ሰምቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። እስቲ እናስላው፣ ይሄ ምሳሌ ነው የማንም ውጤት አይደለም፦ ከ100 ሴት 50 እደግፋለሁ፣ 20 አልደግፍም፣ 30 አላውቅም አሉ እንበል፤ ከ100 ወንድ ደግሞ 65፣ 25 እና 10። ልዩነቱ 15 ነጥብ ነው አይደል? አላውቅም ያሉትን ስታወጧቸው ሴቶቹ 71 ፐርሰንት ወንዶቹ 72 ፐርሰንት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ልዩነቱ ጠፋ! እነዛ 30 ሴቶች ሀሳባቸውን ያልያዙት ወይ መናገር ያልፈለጉት ለምንድነው የሚለው እኮ ነበር ዋናው የጥናት ጥያቄ። ስለዚህ የ"አላውቅም"ን ባር በግራጫ ቀቡትና እዛው ይቀመጥ።

ሌላው፣ ፆታን ለብቻ ትምህርትን ለብቻ ስላችሁ አትጨርሱ። ሴቶች በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉት ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ስላላገኙ የፆታ ልዩነት መስሎ የሚታየው አንዳንዴ የትምህርት ልዩነት ነው የሚሆነው። መጀመሪያ በትምህርት ደረጃ ከፍላችሁ በየደረጃው ውስጥ ወንድና ሴትን ጎን ለጎን አድርጓቸው፣ የተኛ ባር ጥሩ ነው፣ ደረጃውም በፊደል ተራ ሳይሆን ካልተማረ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይደርደር። ግን ስትከፋፍሉት ሰዉ ያልቃል። የኢትዮጵያው ናሙና 2400 ሰው ነው፣ የስህተት ልዩነቱ (ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ወደ 2 ነጥብ አካባቢ፣ ሴቶቹን ብቻ ስትወስዱ ወደ 3 ይጠጋል፣ ኮሌጅ የበጠሱ ሴቶች ጋ ስትደርሱ 100 ሰው ብቻ ከቀራችሁ 10 ነጥብ ይሆናል። እዛ ላይ በ6 ነጥብ ተለያዩ ብሎ መጻፍ አያስኬድም፣ ከየባሩ አጠገብ የሰዉን ብዛት ጻፉት።

በጊዜ ለማወዳደር ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2013 ላይ ተጠየቀች ከዛ እስከ 2020 መግቢያ ድረስ የለችም፣ መሀል ላይ የ2018ቱ ለውጥ አለ። ሁለቱን ነጥብ በቀጥታ መስመር አገናኝቶ "ቀስ በቀስ ጨመረ" ማለት አይቻልም፣ በየዓመቱ ምን እንደሆነ ዳታው አያሳይማ።

ዳታውን አውርዳችሁ ራሳችሁ ለመስራት ፋይሉ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ነው፣ ኤክሴል አይከፍተውም፣ ግን ጃሞቪ የሚባለው ሌላ የስታትስቲክስ ፕሮግራም በነፃ ይከፍተዋል። የሚዛን ማስተካከያ ኮለሙን (ዌይት የሚባለውን፣ ናሙናውን ከሕዝቡ ስብጥር ጋር የሚያመጣጥነውን) ማብራት እንዳትረሱ፣ ያለሱ ያወጣችሁት ፐርሰንት ዌብሳይቱ ላይ ካለው ጋር ላይገጥም ይችላል። በአማርኛ ስትጽፉበት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ከሆነባችሁ ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫኑት፣ እሱም ነፃ ነው።