ለአሮጌ መኪና ከስር ምን ይቀባ፦ ጥቁሩ የጎማ ስፕሬይ ወይስ የበግ ፀጉር ቅባት?

ኦክቶበር በገባ ቁጥር ከሚኒያፖሊስ፣ ከኮሎምበስ፣ ከዴንቨርና ከቶሮንቶ የሚደወለው ጥያቄ ያው ነው፤ «ካምሪዬ 200 ሺህ ማይል አልፋለች፣ ከስር መዛግ ጀምራለች፣ በረዶው ሳይመጣ ምን ላስቀባት?» መኪናዋ አሥር ዓመት ካለፋትና ዝገት ከጀማመራት ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆነውን ጥቁር ስፕሬይ ተዉት። ከበግ ፀጉር የሚወጣውን ላኖሊን የተባለ ቅባት በየዓመቱ ቀቡ። ፍሉይድ ፊልምና ዉልዋክስ በዚህ ዘርፍ የታወቁት ናቸው፤ ከሁለቱ ዉልዋክስ ወፈር ይላል፣ ውሃ ቶሎ አያጥበውም።

አገር ቤት ካትራሜ ሲቀባ ያየ ሰው ጥቁሩን ሲያይ ልቡ ይረጋል። ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ የነካው ሁሉ አዲስ ይመስላል። ከፋብሪካ በወጣ ንጹሕ ላሜራ ላይ ከሆነ ክፋት የለውም። በዛገ ላሜራ ላይ ግን የሚጣበቀው ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከዝገቱ ጋር ነው። ዝገት ደግሞ ውሃና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨውን ጨው ያዘለ ልል ንብርብር ነው። የመንገድ ጠጠር ሲመታው ቅቡ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ጨዋማ ውሃ ይገባል፣ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ይባስ ብሎ ከበሩ ስር ባለው ሳጥን መሰል ላሜራ፣ ሮከር ፓነል በሚሉት፣ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያኔ ሮከሩ ውሃ እንደያዘ ይከርማል። ጥቂት ዊንተር ካለፈ በኋላ በካቻቢቴ ጫን ስትሉት ጥቁሩ ቁራጭ እንዳለ ይወርዳል፣ ከጀርባው ብረት አታገኙም። ሮከር በብየዳ ማስቀየር ደግሞ ለአንድ ጎን ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር ይጀምራል።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ከስሯ አዲስ ጥቁር የተረጨባትን ተጠራጠሩ። ሻጩ ከመሸጡ በፊት በሁለት ቆርቆሮ የ20 ዶላር ጥቁር ቀለም የበሰበሰ ሻሲ ሊሸፍን ይችላል። ቡሎኖቹና ማርሚታው ሳይቀሩ ጠቁረው ካያችሁ ሥራው የችኮላ ነው። መዶሻ ይዛችሁ ሻሲውን ቀስ እያላችሁ ኳ ኳ አድርጉት፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ጥቁሩ ጎማ በቆርቆሮ ከ8 እስከ 12 ዶላር ነው፤ ለአንድ ሴዳን ስድስት ያህል ስለሚፈልግ 60 ዶላር ገደማ ይወጣል፣ ያውም «አንዴ ተቀብቶ አለቀ» ተብሎ። ላኖሊኑ በቆርቆሮ ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። አምስት ወይም ስድስት ቆርቆሮ ሲደመር 70 ዶላር አካባቢ ይመጣል፣ በየዓመቱ። ውድ የሚያስመስለው ይህ ነው። በቆርቆሮ መግዛቱን ትታችሁ በጋሎን ግዙ፤ ከ45 እስከ 65 ዶላር ነው። መርጫ ሽጉጡ ረጅም ተጣጣፊ ቱቦ ያለው ሆኖ ከ40 እስከ 100 ዶላር ይሸጣል፣ የአየር ኮምፕሬሰር ያስፈልገዋል፣ ከ60 እስከ 90 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይበቃዋል። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ሽጉጥ በጋራ ቢገዙ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለአንድ መኪና የሚወጣው ከ50 ዶላር በታች ነው፤ በሁለተኛው ዓመት የሚረጨው የታጠበውን ቦታ ለማደስ ብቻ ስለሆነ ጋሎኑ ይተርፋል። ሱቅ ወስዳችሁ ካስቀባችሁ ለሴዳን ከ150 እስከ 250 ዶላር ጠብቁ። ከ100 በታች የሚጠይቃችሁን ሱቅ ጋሎኑን አሳየኝ በሉት፣ አቅጥኖ የሚረጭ አይጠፋም። አከፋፋዮች አዲስ መኪና ሲሸጡ ደርበው የሚያቀርቡት የብዙ መቶ ዶላር «የዕድሜ ልክ» ቅብ ይቅርባችሁ።

ሽጉጡ ከቆርቆሮው የሚበልጠው በዋጋ ብቻ አይደለም። ሻሲና ሮከር የሚበሰብሱት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ የቱንም ያህል ብትቀቡ ውስጡን አይነካውም። ቶዮታ ነው ብሎ መዝናናትም አያዋጣም። ኩባንያው በታኮማ፣ በተንድራና በሴኮያ ሻሲ ዝገት የተነሳ በ2016 እ.ኤ.አ. እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል የተባለ የፍርድ ቤት ስምምነት ውስጥ ገብቷል። ቱቦውን በሻሲው ቀዳዳዎች እስከ ጥግ አስገቡት፣ እየረጫችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የመውረጃ ቀዳዳዎቹን አስቀድማችሁ በሽቦ ክፈቱ፤ ቅባቱ በቀዳዳው ሲንጠባጠብ ውስጡ መዳረሱን ታውቃላችሁ።

ከመቀባት በፊት ላቫጆ ወስዳችሁ ከስር በደንብ አሳጥቡ፣ አንድ ሁለት ቀን ትድረቅ። የሚፈረፈረውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፤ ብረቱ እስኪነጣ መፈግፈግ አያስፈልግም፣ ላኖሊን ከጥቁሩ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሳይደርቅ ስለሚቆይ ዝገቱ ውስጥ ይሰርጋል። አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነበትን ቀን ምረጡ። ከቀዘቀዘ ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ እሳት ዘንድ ግን አታድርሱ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ከስሯ አትግቡ፣ ጃክ ስታንድ አስደግፉ። የፍሬን ዲስክና ሸራ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ በፌስታል ሸፍኑ። ማርሚታውን እለፉት፣ ከነካው ለቀናት ይጨሳል። ጎሚኒዎችንም እለፏቸው፤ ላኖሊን የተፈጥሮ ጎማ ያሳብጣል።

አብዝታችሁ የምትረጩበት ቦታ ቢኖር የፍሬንና የቤንዚን ቱቦዎች ናቸው፣ በተለይ ከፕላስቲክ ማያያዣዎቹ ስር፤ ጨው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. የጀነራል ሞተርስ ፒክአፖችን የፍሬን ቱቦ ዝገት መርምሮ ሲጨርስ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ከስር እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን እንዲያስመረምሩ መክሯል። ቱቦው ከቦረቦረ ቅባት አያድነውም፣ ይቀየር። ከኒኬልና ከመዳብ የተሠራው አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ 25 ጫማው ከ25 እስከ 40 ዶላር ነው። ለመግጠም እንዲመች የቱቦውን ጫፍ የሚያሰፋውን መሣሪያ አውቶዞን በመያዣ ገንዘብ ያውሳል። የቤንዚን መሙያ ቱቦውንም ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ፕላስቲክ አውርዳችሁ ቀቡት፤ ከዛገ ቼክ ኢንጂን ይበራና ፒ0455 የሚል፣ የቤንዚን ትነት ያፈሳል ማለት የሆነ ኮድ ይወጣል፣ ሰውም የቤንዚን ክዳን እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል።

የተቃጠለ ዘይት በነፃ ስለሚገኝ የሚያጓጓቸው አሉ። ጎሚኒ ያበላሻል፣ ቶሎ ይታጠባል፣ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ ያስቀጣል። ፖር-15 የሚባለው ቀለም ጠንካራ ነው፣ ግን ዝግጅቱ ካልተሟላ እንደ ልጣጭ ይነሳል፣ እጅ ላይ ከደረቀም ቆዳ እስኪቀየር አይለቅም፤ ሻሲውን አውርዶ ለሚያድስ እንጂ ለጓሮ ሥራ አይሆንም። በባትሪ የሚሠራውን «ኤሌክትሮኒክ ፀረ ዝገት» ጨርሶ አትግዙ። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ለሚቆይ መርከብ የሚሠራው ዘዴ አየር ላይ ለሚውል መኪና አይሠራም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1990ዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ በማታለል ከስሶ አስቁሟል።

ዴንቨር ያላችሁ በዊንተር መካከልም ማጠብ አለባችሁ፤ እዚያ መንገድ ላይ የሚረጨው በረዶ ማቅለጫ፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ሳያደርቅ ያቆየዋል። ጨው ተሸክማ የገባችን መኪና ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ውጭ ብርድ ላይ ከማሳደር ይብሳል፣ ሙቀት ዝገትን ያፋጥናልና። ግን ስታጥቡ ከፍተኛ ግፊት ያለውን ውሃ ቅባቱ ላይ አስጠግታችሁ አትልቀቁት፣ ያነሳዋል። ከቀባችሁ በኋላ ለጥቂት ቀናት ከመኪናዋ ስር ካርቶን አንጥፉ፤ ይንጠባጠባል፣ የበግ ሽታውም አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራዩ ቀድማችሁ ንገሩት።