ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር በሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ላይ፦ የ11 ወር ልምድ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ሲሆን የምነዳው የ2011 ሞዴል ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 የተባለውን ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር ከነጌጁ ገጠምኩ፤ ሴንሰሩ ከጭሱ ኦክስጅን ተነስቶ የአየርና የቤንዚኑን ምጥን በሰፊ ክልል ይለካል፣ ጌጁም ቁጥሩን ያሳያል። ፋብሪካው ያስቀመጠው ሴንሰር እያለ ሌላ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ያኛው ከቱርቦው በፊት ስለሚገኝ የጭሱ ግፊት ንባቡን ያዛባዋል፤ የአየርና የቤንዚኑ ምጥን (ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው) ከ11.1 ገደማ በታች ሲወርድ ደግሞ ቁጥሩ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ ማወቅ የምፈልገው በትክክል ያንን አካባቢ ነበር።

ከቀድሞው 4.2 ይልቅ 4.9ን የመረጥኩት በየጊዜው አውጥቶ በንጹሕ አየር ማስተካከልን ስለማይጠይቅ ነው። የእያንዳንዱ ሴንሰር የንባብ ማስተካከያ ልክ በራሱ ሶኬት ውስጥ ባለች ትንሽ ሬዚስተር ተቀምጧል፤ ስለዚህ ገመዱ አጠረ ብሎ ሶኬቱን ቆርጦ መጣል ልኩንም አብሮ መጣል ነው። ማራዘሚያ ገመድ ይገዛል እንጂ አይቆረጥም።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከቱርቦው በኋላና ከካታላይዘሩ በፊት ባለው ጠባብ ክፍተት ላይ 18 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ማቀፊያ አስበየድኩ። ውሃ እንዳይጠራቀምበት ሴንሰሩ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ማዘንበል አለበት። ያ ቦታ እጅግ ይሞቃል፤ በመፍቻ የሚያዘው ስድስት ጎኑ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ ስለሌለበት፣ ክፍተቱ የፈቀደልኝን ያህል ከቱርቦው አራቅኩት።

ዋናው ጉዳይ ግን ሽቦው ላይ ነበር፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። የጌጁን ማሳ፣ ማለትም ጅረቱ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን አሉታዊ ሽቦ፣ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ሥር ባገኘሁት ቡሎን ላይ አሰርኩት፤ ቅርብ ስለነበረ ብቻ፣ ቀለሙን እንኳ በደንብ ሳልፍቅ። የጌጁን የምልክት ሽቦ ደግሞ ወደ መመዝገቢያ መሣሪያው ወሰድኩ። ቀን ቀን ጌጁ ላይ የሚታየውና የሚመዘገበው ቁጥር ይገጣጠሙ ነበር። በታኅሣሥ አንድ ምሽት ግን በአውራ ጎዳና 70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ሽቅብ ስንወጣ፣ መብራቱ በርቶ፣ የማሞቂያው ቬንቲሌተርም በመጨረሻው ፍጥነት እየነፋ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ ጌጁን በስልኩ ሲቀርጽ 11.3 ይል ነበር፤ ቤት ገብቼ መዝገቡን ስከፍት በዚያው ቅጽበት የተጻፈው 11.7 ነው። እኔ የወንድሜን ቀረጻ ከቁም ነገር ሳልቆጥር መዝገቡን ብቻ ላክሁ፤ ካርታውን፣ ማለትም በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የቤንዚን መጠን ሰንጠረዥ የሚያስተካክልልኝ ባለሙያም በእሱ ተመርቶ ቤንዚኑን በ3 በመቶ ጨመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካንዴላዎቹን ስፈታ አራቱም ጥላሸት ለብሰው አገኘኋቸው።

ቴስተር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። አንዱን ጫፍ ጌጁ ማሳ በወሰደበት ቡሎን ላይ፣ ሌላውን የመኪናው ኮምፒውተር ማሳ በሚወስድበት ሞተር ላይ ሳስነካ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ልዩነቱ 0.02 ቮልት ነበር። መብራቱንና ቬንቲሌተሩን ሳበራ 0.15 ደረሰ። ጌጁ ንባቡን ወደ መመዝገቢያው የሚልከው በቮልት ነው፤ በእኔ ጌጅ 0.5 ቮልት 8.5ን፣ 4.5 ቮልት 18ን ስለሚያመለክት አንድ ቮልት 2.375 ነጥብ ይመዝናል፤ 0.15 ቮልትም ወደ 0.36 ይመጣል። የጎደለችው ልዩነት እሷው ነበረች! የሴንሰሩ ማሞቂያ የሚስበው ከባድ ጅረትም በዚያው ባልተፋቀ ብረት ላይ ስለሚያልፍ ነገሩን አባብሶታል። ማሳውን ወደ ሞተሩ አዛውሬ፣ የምልክቱን አሉታዊ ሽቦ ከማሞቂያው ለይቼ በቀጥታ ወደ መመዝገቢያው ከወሰድኩ በኋላ ልዩነቱ ቬንቲሌተር በርቶም ከ0.01 ቮልት አልበለጠም። ባለሙያውም የጨመረውን ቤንዚን መለሰው።

የኃይል ሽቦውን መጀመሪያ ከቁልፉ ላይ ወስጄው ነበር። ብርዱ ሲጠና ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ሞተሩ ሳይነሳ በጋለው የሴንሰሩ ሴራሚክ ላይ ቱቦው ውስጥ ያደረ የውሃ ጠብታ ሲፈናጠር ሊሰነጥቀው ይችላልና፣ የቤንዚን ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ኃይል በሚያሳልፍ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) በኩል አሳለፍኩት። ጌጁ ተበላሽቶ ሴንሰሩን ያለ ኃይል ጭሱ ውስጥ ትቶ መንዳትም አይገባም፤ ሳይሞቅ ጥላሸት ይይዘዋል። ያን ጊዜ ነቅሎ በቡሎን መድፈን ይሻላል።

በዚያው ሰሞን የገጠምኩት ባለ 3 ባር የግፊት ሴንሰር ብዙ የሚወራለት የለውም፤ ሞተሩ ሳይነሳ በኦሮራ ከፍታ ወደ 83 ኪሎፓስካል ካሳየ ሽቦውም ልኩም ደህና ነው። 100 ካሳየ ግን የባሕር ወለልን ግፊት እያነበበ ነውና አያያዙን ወይም በመመዝገቢያው ላይ የተሞላውን ልክ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ዋይድባንዱን ቁልቁለት ላይ እፈትነዋለሁ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስለሚቆርጥ ጌጁ ወዲያው እስከ ጫፍ መውጣት አለበት፤ ባለፈው ሳምንት ከዋሻው ስወርድም ሳይንገራገጭ ወጥቷል። ለማንኛውም መለዋወጫ አንድ ሴንሰር ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ሶኬቱ ሳይነካ፣ ከነካርቶኑ።