ያገለገለ ቮልት ወይስ ፕሪየስ? መጀመሪያ መኪናው የት እንደሚያድር ንገሩኝ

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለ ሐበሻ ያገለገለ መኪና ሲፈልግ ፕሪየስና ሼቪ ቮልት ላይ ማመንታቱ አይቀርም። ሁለቱም ቤንዚን ቆጣቢ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

ፕሪየስ ሃይብሪድ ነው፤ ቤንዚንና ባትሪ አጣምሮ ይሄዳል። ሶኬት አይፈልግም፤ ትንሿን ባትሪ ሞተሩና ፍሬኑ ይሞሏታል። ቮልት ግን በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በፈረንጆቹ ከ2016 እስከ 2019 የወጡት ሞዴሎች አንዴ ቻርጅ ከተደረጉ 53 ማይል ያህል ያለ ቤንዚን ይሄዳሉ። ባትሪው ሲያልቅ የቤንዚን ሞተሩ ይነሳና ጉዞው ይቀጥላል። መንገድ ላይ መቅረት የለም።

አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት የሚኖር አንድ ወዳጄ ቮልት ገዝቶ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን ገመድ ያወርድ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው የሕንጻው ማኔጀር ገመዱን አስነሳችው። አሁን በቤንዚን ብቻ ነው የሚነዳው። በቤንዚን ብቻ ሲነዳ ቮልት በጋሎን 42 ማይል ይሄዳል፤ የዚያው ዘመን ፕሪየስ 52። ማደሪያው ሶኬት የሌለው ሰው ቮልት ባይገዛ ይሻለዋል።

ስለ ወጪውም በግልጽ እናውራ። ቤንዚን በጋሎን 3.20 ዶላር፣ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው እንበል። በቀን 40 ማይል ለሚነዳ ሰው ቮልት 1.86 ዶላር፣ ፕሪየስ 2.46 ዶላር ይፈጃሉ። ልዩነቱ 60 ሳንቲም ብቻ ነው! በቀን 200 ማይል ለሚሠራ የኡበር ሹፌር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቮልት ጠዋት ሙሉ ቻርጅ ይዞ ቢወጣ እንኳ ወደ 13.70 ዶላር ይበላል፤ ፕሪየስ 12.30 አካባቢ። በዚያ ላይ የቮልት ባትሪ በወንበሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ከኋላ መሐል የሚቀመጠው ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። ለሥራ ከሆነ ሳታመነቱ ፕሪየስ ግዙ።

የራሱ ጋራዥ ኖሮት ሥራው ቅርብ ለሆነ ሰው ግን እኔ ቮልትን እመርጣለሁ። ለ60 ሳንቲሟ ብዬ አይደለም። ማለዳ ቤተሰብ ሳይቀሰቅስ ውልቅ ይላል፣ ሲነዱት ጸጥ ያለ ነው፣ ነዳጅ ማደያ ሳትረግጡ ሳምንታት ያልፋሉ። በባለ 240 ቮልት መስመር አራት ሰዓት ተኩል፣ በተራው የግድግዳ ሶኬት 13 ሰዓት ያህል ቻርጅ ይፈልጋል። ፈጣን ቻርጀር አይቀበልም። በብርድ ወቅት ደግሞ 53ቷ ማይል ትቀንሳለች።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ቮልት ማምረት የቆመው በ2019 ነው። የ8 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የባትሪ ዋስትናው በብዙዎቹ ላይ አልቋል፣ የቀሩትም እያለቀ ነው። ስለዚህ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ሞጁል ተቀይሮ እንደሆነ የጥገና ወረቀቱን ጠይቁ፤ የታወቀ ችግሩ ነው። አሮጌ ፕሪየስ ከሆነ መኪናው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) መኖሩን እዩ፤ ሌቦች የሚያሳድዱት ዕቃ ነው። ከኋላ ወንበር ዘንድ ያለችውን የባትሪ ማቀዝቀዣ የአየር ማስገቢያም በባትሪ መብራት ተመልከቱ። በአቧራና በፀጉር ከታፈነች ባትሪው ሲግል ከርሟል ማለት ነው፤ ወይ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይ ሌላ ፈልጉ።