ሀዋሳ ላይ «ፉል ሶፍትዌር» የሚሏችሁን አትቀበሉ

ሀዋሳ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ወይም የድሮውን ፎርማት ልታስደርጉ ያሰባችሁ፣ ከቤት ሳትወጡ ይቺን አንብቡ። ባለሱቁ «ፉል ሶፍትዌር ከአንድ ዓመት አንቲቫይረስ ጋር» ካላችሁ (ፕሮግራሙን ሁሉ ጭኜ ልስጣችሁ ማለቱ ነው) አይሆንም በሉት። ዋጋው ስለተወደደ አይደለም። በነጻ ቢጨምርላችሁም አትቀበሉ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ላፕቶፕ ገዛች። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ደግሞ የእሱ ብቻ አመል አይደለም። ዕቃው ራሱ ምንም አይልም። ሰውየው ግን «እህቴ፣ አንቲቫይረስ ከሌለው በሳምንት ይሞትብሻል» ብሎ 800 ብር ጨምሮ ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። አሳይመንት ልትጽፍ ስትቀመጥ ከታች በቀኝ በኩል ቀይ ሳጥን ብቅ ይላል፦ ኮምፒውተርሽ አደጋ ላይ ነው፣ አሁኑኑ ክፈዪና አሳድሺ። የመዝጊያዋ ኤክስ ደብዝዛ ለዓይን አትታይም። እሱን ዘጋሁ ስትል ሌላው ደግሞ ድራይቨርሽ አርጅቷል ብሎ ይነዘንዛታል። ክሮምን ስትከፍት ጎግል የለም፤ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ መፈለጊያ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ይሄ ሁሉ ጉድ ከጀርባ ኢንተርኔት ይበላል። ልጅቷ በስልኳ ሆትስፖት ነው የምትጠቀመው፣ ስለዚህ የሳምንት ጥቅሏ ምንም ሳትሠራበት ሙልጭ ይላል።

መልሳ ስትወስደው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይፈልጋል።» በክፍያ! በሽታውም መድኃኒቱም ከአንድ ሱቅ።

ላፕቶፑን ተቀብያት ስከፍተው ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚባል ቦታ አለ፤ የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ እንዳይፈትሽ የተነገረው ፋይል እዚያ ይመዘገባል። እዚያ ላይ ምን ተጽፎ አገኘሁ? ሲ ድራይቭ። አንድ ፎልደር እንዳይመስላችሁ፣ ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት ሙሉው ሲ! ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዊንዶውሱን በክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዙ በሚከፍት ፕሮግራም፣ ሲያነቁት ዲፌንደር ክራኩን ይይዝባቸዋል፣ ስለዚህ አትፈትሽ ይሉታል፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ደግሞ ወደነበረበት የሚመልሰው የለም። ዘበኛውን አስረው በሩን ከፍተው እንደመሄድ ነው።

ዲፌንደር ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣ ጸረ ቫይረስ ነው። ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን እሱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቦታ ይለቃል። ስለዚህ 800 ብሩ የተከፈለው የሚሠራውን ለማስወጣት ነው ማለት ነው።

የክራኩም ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ለትልልቅ ድርጅቶች የተሠራውን «ኬኤምኤስ» የሚባል የዊንዶውስ ማንቂያ መንገድ አስመስለው ነው። ይሄ መንገድ የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። ማደሱ ሲቋረጥ ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የሱቁ ዋስትና ደግሞ አንድ ወር ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ታዋቂ ስም ያለው ነው ብለው ቢያባብሏችሁም አትሸነፉ። አቫስትን የማያውቅ የለም። የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ለሌላ ሲሸጥ ስለተገኘ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ጠባቂ የተባለው ነው እንግዲህ።

በነገራችን ላይ፣ የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለማራዘሚያው ካልተመዘገባችሁ የደህንነት አፕዴት አይመጣም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል) ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ያለውን ነው። «6ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ግን 11 ጭኜበታለሁ» የሚላችሁ በጓሮ በር አስገብቶት ነው፣ ዋጋ ስትከራከሩ ይቺን አንሷት።

ብሩን ሳትቆጥሩ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ስታርት አፕ» የሚለውን ተመልከቱ። ላፕቶፑ ሲነሳ አብሮት የሚነሳው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የማታውቁት ስም ከበዛ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተንተባተበ አስወጡት ወይም ጥላችሁ ውጡ። ኤክስክሉዥንሱንም አስከፍቱት፤ ባዶ መሆን አለበት።

ቀድማችሁ የተበላችሁ ካላችሁ ፎርማት ሁሌ አያስፈልግም። ሴቲንግስ ገብታችሁ «አፕስ» ውስጥ ያልጠራችሁትን እንግዳ አንድ በአንድ አራግፉ፣ ክሮም ላይ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ድረ ገጾች ከልክሉ፣ ኤክስክሉዥንሱን አጥፉና ዲፌንደር «ፉል ስካን» ያድርግ። እስከዚያው ዋይፋዩ ላይ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት፣ የዊንዶውስ አፕዴት ጥቅላችሁን እንዳይጨርሰው ይረዳል። ክራክ የተጫነበት ላይ ግን የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃላችሁን አትጻፉ፤ ጽፋችሁ ከሆነ ከሌላ ዕቃ ላይ ለውጡት።

ፒያሳም ይሁን አቶቴ፣ ንጹሕ ዊንዶውስ ብቻ ጭኖ ሌላ ነገር ሳይጨምር የሚመልስ ባለሙያ የምታውቁ ንገሩኝ። እህቴ ደግሞ ለሱቋ ኮምፒውተር ልትገዛ ተነስታለች።